ምዕራፍ ሰባት፦ ተካ ወይስ ደምር

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ጨርሶ ቆላው ውስጥ ከገባ በኋላ ሰባራ ድልድይ ላይ ይደርሳል። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ የቅስት ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጣልያን ወረራ ጊዜ ዋናው ቅስት ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ለገበያም ሆነ ለለቅሶ ማዶ መሄድ ያለበት ሰው በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም ጫፍ በቆሙ ወንዶች እየተጎተተ በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶውን ያየው ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ በ2001 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የሚባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱ ላይ የብረት መሻገሪያ ተጋደመ። በ2005 የወንዙ ሙላት ወሰደው። በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የገመድ ድልድይ ተዘረጋ።

ዓባይ የሞጣንና የቢቸናን ምድር በሰሜንና በምሥራቅ ከብቦ ስለሚወርድ፣ ድልድይ ምን እንደሚያደርግ ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና የሚሄድ አውቶቡስ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ በረሃውን ወርዶ የሚሻገርበት፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2008 የተከፈተው ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በ2024 የተመረቀው የባሕር ዳሩ 380 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ያለ ፋይናይት ኤለመንት ስሌት አይታሰብም። ለዚህ ምዕራፍ የምመርጠው ግን የሞጣውን ዓይነት የገመድ ድልድይ ነው። የፋሲል ቅስት ለዓይን ቀላል ቢመስልም ለኮምፒውተር አስቸጋሪ ነው፤ ድንጋይና ኖራ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይለያያል፣ የትኛው መጋጠሚያ መቼ እንደሚከፈት ማስላት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ገመድ የሚያውቀው መወጠርን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ገመድ ከጎጃም ዳር ወደ ቤጌምድር ዳር እንዘርጋ። ልኩን ለስሌት እንዲመች እኔው መርጬዋለሁ፤ የእውነተኛው ድልድይ ልክ አይደለም። ርዝመቱ 100 ሜትር ይሁን፤ ገመዱ በአግድም የተወጠረበት ኃይል 500 ኪሎ ኒውተን፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያረፈው ጭነት፣ የወለሉ፣ የሰውና የተጫነው አህያ ክብደት ተደምሮ፣ 2 ኪሎ ኒውተን። አንድ ኪሎ ኒውተን በግርድፉ የአንድ ኩንታል ክብደት ነው፤ ስለዚህ በየሜትሩ ሁለት ኩንታል ጭነናል። እንዲህ ያለ ገመድ መሐሉ ላይ ስንት እንደሚረግብ ለማወቅ የሜትሩን ጭነት በርዝመቱ ካሬ አባዝቶ ለውጥረቱ ስምንት እጥፍ ማካፈል ይበቃል፦ 2 ሲባዛ በ10,000፣ ሲካፈል ለ4,000፣ 5 ሜትር። መልሱን አስቀድመን ማወቃችን ለበጎ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲሳሳት እንይዘዋለን።

ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው ፋይናይት ኤለመንት የሚያደርገው ገመዱን መቆራረጥ ነው። አራት ቦታ እንቁረጠው። እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ማለት ኤለመንት፣ 25 ሜትር ይሆናል። ቁራጮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ኖድ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው። ፕሮግራመሮች ከዜሮ መቁጠር ስለሚወዱ የጎጃሙ ዳር ኖድ 0፣ የወንዙ መሐል ኖድ 2፣ የቤጌምድሩ ዳር ኖድ 4 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ገመዱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁለት የቁጥር ረድፎችን ነው። አንደኛው ረድፍ በየኖዱ ላይ ያረፈውን ጭነት ይይዛል፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ኖድ ስንት ሜትር እንደ ወረደ። ሁለቱም ቬክተር ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ቦታ አላቸው። የቀረው ሥራ በነዚህ ቦታዎች ውስጥ ትክክለኛውን ቁጥር ማስቀመጥ ነው። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ምዕራፍ ለምን ያስፈልገዋል ለሚል አንባቢ፣ የመጀመሪያውን ቬክተር አብረን እንሙላ።

ላይብረሪው፣ ማለት ለእንዲህ ያለ ስሌት የተዘጋጀው የፕሮግራም ስብስብ፣ ኤለመንቶቹን ተራ በተራ ይጎበኛል። እያንዳንዱ ኤለመንት 25 ሜትር ስለሆነና በሜትር 2 ኪሎ ኒውተን ስለተሸከመ በላዩ 50 ኪሎ ኒውተን አለ። ይህን ለሁለቱ ጫፎቹ እኩል ያካፍላል፦ ለግራው 25፣ ለቀኙ 25። ኤለመንቱ ከዚህ በላይ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከጎኑ ሌላ ኤለመንት ይኑር አይኑር፣ ድልድዩ የሞጣ ይሁን የሌላ አገር፣ አይመለከተውም። የዘዴው ጉልበትም እዚህ ላይ ነው፤ አሥር ሚሊዮን ኤለመንት ቢኖር እያንዳንዱ ያችኑ ትንሽ ሒሳብ ሠርቶ ውጤቱን ለጋራው ቬክተር ያስረክባል።

አሁን የመጀመሪያው ኤለመንት ይመጣና ኖድ 0 ላይ 25፣ ኖድ 1 ላይ 25 ያስቀምጣል። ሁለተኛው ይመጣል፤ የራሱን 25 ለኖድ 1፣ ሌላውን 25 ለኖድ 2 ይዟል። ኖድ 1 ላይ ግን ቀድሞ የተቀመጠ 25 አለ። ምን ያድርግ? የዕድር መዝገብ የያዘ ጸሐፊ፣ አንድ አባል ለሁለት ሰብሳቢዎች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ብር ከፍሎ ሳለ፣ የሁለተኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያውን ቢሰርዘው አባሉ ግማሹን እንደከፈለ ይቆጠራል። ቬክተሩም እንደዚሁ ነው። አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ላይ መደመር አለበት፤ ኖድ 1 50 ይሆናል። ኖድ 2 እና ኖድ 3 እንዲሁ። ዳርና ዳር ያሉት ከአንድ ኤለመንት ብቻ ስለሚቀበሉ በ25 ይቀራሉ። ትክክለኛው ቬክተር እንግዲህ 25፣ 50፣ 50፣ 50፣ 25 ነው፤ ሲደመር 200፣ ማለትም በ100 ሜትር ላይ የጫንነው ሁሉ።

በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን አንድን ቦታ ለመሙላት መጀመሪያ እጅ የሚገባው ምልክት የእኩል ይሆናል ምልክት ነው፤ እሱም ያለውን አጥፍቶ አዲሱን ይተካል። «ደምር» ለማለት አንዲት የመደመር ምልክት ከፊቱ መጨመር ያስፈልጋል። ያቺ ምልክት ብትረሳ ቬክተሩ 25፣ 25፣ 25፣ 25፣ 25 ይሆናል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። ተራውን ጠብቆ ወደ ማስላት ያልፋል።

ማስላቱን በእጃችን እንሥራው፤ ሦስት መስመር ነው። ውጥረቱን ለኤለመንቱ ርዝመት ስናካፍል 500 ለ25፣ 20 ይመጣል። እያንዳንዱ ውስጠኛ ኖድ የሚጠብቀው ሕግ ይህ ነው፦ የራሱን መውረድ እጥፍ አድርጎ፣ የሁለቱን ጎረቤቶቹን መውረድ ቀንሶ፣ በ20 ሲያባዛው ከተሸከመው ጭነት ጋር እኩል መሆን አለበት። ዳርና ዳሩ ታስሯል፤ መውረዱ ዜሮ ነው። በትክክለኛው ጭነት ኖድ 1 እና ኖድ 3 3.75 ሜትር፣ ኖድ 2 5 ሜትር ይወርዳሉ። ከቀመሩ ጋር ነጥብ ለነጥብ ይገጥማል። በተሳሳተው ቬክተር ግን 1.875 እና 2.5 ሜትር ይመጣል። ሥዕሉን ብትስሉት የሚያምር፣ ለስላሳ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ኩርባ ነው። ድልድዩ ከእውነቱ ይልቅ እጥፍ ጠንካራ ሆኖ ታየ።

የእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይለያል። መጻሕፍቱ ብዙ ገጽ የሚሰጡት ለማትሪክሱ፣ የየኖዱን ሕግ ቁጥሮች ለሚይዘው ሰንጠረዥ፣ ነው፤ ቬክተሩን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። አደጋው ግን የተቀመጠው በግልባጩ ነው። ያችኑ የመደመር ምልክት ማትሪክሱን ስንሠራ ብንረሳት ምን እንደሚሆን እንይ። ከላይ ባለው ሕግ «የራሱን መውረድ እጥፍ አድርጎ» ያልነው እጥፍነት የመጣው ከሁለት ኤለመንቶች ድምር ነው፤ ካልደመርን እጥፉ ነጠላ ይሆናል። ጭነቱን ትክክል አድርገን ማትሪክሱን ብቻ ብናበላሽ ኖድ 1 እና ኖድ 3 5 ሜትር፣ ኖድ 2 ደግሞ 7.5 ሜትር ወደ ላይ ይነሣሉ። ሁለት መቶ ኩንታል የተጫነበት ገመድ ወደ ሰማይ ጎበጠ! ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም። የማትሪክስ ስህተት ይጮኻል፤ የቬክተር ስህተት በጨዋ ልብስ ነው የሚመጣው።

ልምድ ያለው ሰው የሚተማመንበት አንድ መፈተኛ አለ፦ ኤለመንቶቹን ማሳነስና መልሱ መርጋቱን ማየት። መልሱ ከረጋ ስሌቱ ደኅና ነው ይባላል። እዚህ ግን መፈተኛው ራሱ ያታልላል። ገመዱን ስምንት ቦታ ብንቆርጠው እያንዳንዱ ኤለመንት ለጫፎቹ 12.5 ያካፍላል፤ ባለመደመር ስህተት ሁሉም ኖድ 12.5 ይዞ ይቀራል፤ መሐሉ አሁንም 2.5 ሜትር ይረግባል። መቶ ቦታ ብንቆርጠውም 2.5 ነው። መልሱ ከመጀመሪያውም ረግቷል፣ በሐሰት ላይ ረግቷል። የድልድዩን ወለል በአራት ማዕዘን ኤለመንቶች ብንከፍለው ደግሞ አንድ ውስጠኛ ኖድ አራት ኤለመንቶችን ስለሚያገናኝ ጉድለቱ ከግማሽ ወደ ሦስት ሩብ ይወጣል።

ስህተቱን የሚያጋልጠው ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ነው፦ የጭነት ቬክተሩን ቁጥሮች ደምሮ ከጠቅላላው ክብደት ጋር ማስተያየት። የጫንነው 200 ኪሎ ኒውተን ነው። አራት ቦታ በተቆረጠው ገመድ የተበላሸው ቬክተር ድምር 125 ነው፤ በስምንቱ 112.5፤ በመቶው 101። ብዙ ላይብረሪዎች የቬክተርን ድምር በአንድ ትእዛዝ ይሰጣሉ። እኔ ብጠየቅ ያለዚህ ድምር ምንም ውጤት ለአለቃ አይቀርብም የሚል ደንብ በየቢሮው እለጥፍ ነበር።

መደመሩ ከየት መጣ? ዘዴው ሲወለድ አብሮ የተወለደ ነው። በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የአውሮፕላን ክንፍ ጥንካሬን ለማስላት ያወጡት ጽሑፍ መዋቅሩን ከትንንሽ ቁርጥራጮች ይሰበስበዋል፤ «ፋይናይት ኤለመንት» የሚለውን ስም ክላፍ ያወጣለት በ1960 ነው። የመደመሩ ምክንያት የሒሳብ ፈሊጥ ሳይሆን ሚዛን ነው፤ አንድ ኖድ ላይ የተገናኙ ቁርጥራጮች ሁሉ በዚያ ኖድ ላይ ይገፋሉ ይስባሉ፣ ኖዱም የሚቆመው የሁሉም ኃይል ተደምሮ ዜሮ ሲሆን ነው። ከግራ የመጣውን ኃይል ከቀኝ የመጣው አይሽረውም።

እንግዲህ ሁልጊዜ ደምር ብንልስ? አይሆንም። የቤጌምድሩ ዳር የገመድ ማሰሪያ ትንሽ ሰጥሞ 0.2 ሜትር ዝቅ አለ እንበል። ይህ ከኤለመንቶች የሚሰበሰብ ነገር አይደለም፤ እኛ የምናዘው እውነት ነው። የመውረድ ቬክተሩ ኖድ 4 ላይ 0.2 መሆን አለበት፣ ከዚህ በፊት የነበረው ምንም ይሁን ምን። ሥራው መተካት ነው። (መልሱም ይታወቃል፤ ኖድ 1 3.8፣ መሐሉ 5.1፣ ኖድ 3 3.9 ሜትር ይወርዳሉ፤ ዝቅታው በገመዱ ላይ በየርቀቱ ይከፋፈላል።) እዚህ ላይ ደምር ብንልና ስሌቱን ጊዜ በጊዜ አሥር ዙር ብናስኬደው፣ ማሰሪያው በየዙሩ 0.2 እየጨመረ በአሥረኛው 2 ሜትር ይሰጥማል። ማንም ያላዘዘው የመሬት መንሸራተት ነው።

ቅደም ተከተሉም ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የታሰረ ኖድ መልሱ እንዲከበር ተብሎ ከጭነት ቬክተሩ ላይ የዚያ ኖድ ቦታ በታዘዘው ልክ ይተካል፤ የኖዱም ሕግ «መውረድህ ይህ ነው» ወደሚል አንድ መስመር ይቀየራል። ይህን አስቀድመን ሠርተን ከዚያ በኋላ አራተኛው ኤለመንት 25ቱን ይዞ ቢደርስና ቢደምር፣ ቦታው 25.2 ይሆናል። ኪሎ ኒውተንና ሜትር ተደመሩ፤ የድልድዩ ጫፍ 25 ሜትር ወደ ገደሉ ወረደ። ቬክተሩ መለኪያ አይጠይቅም፤ ቁጥር ከሆነ ይበቃዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤለመንቶቹ ሁሉ ይደመሩ፣ ከዚያ የታሰሩት ኖዶች ይተኩ።

እስካሁን ገመዳችን የሚንቀሳቀሰው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነበር። በዓባይ ሸለቆ ግን ነፋስም አለ። እያንዳንዱ ኖድ በሦስት አቅጣጫ ይንቀሳቀስ፦ በድልድዩ ርዝመት ከጎጃም ወደ ቤጌምድር፣ በወንዙ ፍሰት ወደ ጎን፣ እና ወደ ታች። በቁጥር 0፣ 1፣ 2 እንበላቸው። አምስት ኖድ በሦስት አቅጣጫ፣ ቬክተሩ 15 ቦታ አለው። የትኛው ቦታ የማን ነው?

ሁለት የተለመዱ አደራደሮች አሉ። አንደኛው ኖዱን ያስቀድማል፦ የኖድ 0 ሦስት አቅጣጫዎች፣ ከዚያ የኖድ 1 ሦስቱ፣ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው አቅጣጫን ያስቀድማል፦ የአምስቱም ኖዶች የርዝመት አቅጣጫ፣ ከዚያ የአምስቱም የጎን፣ ከዚያ የአምስቱም የታች። አሁን መሐሉ ላይ ወደ ታች 50 ኪሎ ኒውተን ልናስቀምጥ ፈለግን። በመጀመሪያው አደራደር ኖድ 2፣ አቅጣጫ 2፣ ቦታ ቁጥር 8 ነው፤ ሁለት ሲባዛ ሦስት፣ ሲደመር ሁለት። ይህን በጭንቅላታችን አስልተን ቦታ 8 ላይ 50 ጻፍን። ላይብረሪው ግን ሁለተኛውን አደራደር እየተጠቀመ ከሆነ ቦታ 8 የኖድ 3 የጎን አቅጣጫ ነው። መሐሉ ላይ ልናቆመው የነበረው 50 ኩንታል ጭነት ወደ ቤጌምድር ተጠግቶ ድልድዩን ወደ ወንዙ ፍሰት የሚገፋ ነፋስ ሆነ።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ትላልቆቹ ላይብረሪዎች ስሌቱን ለማፋጠን ቁጥሮቹን እንደገና ያደላድሏቸዋል፤ በአካል የተጎራበቱ ኖዶች በረድፉም እንዲጎራበቱ ይፈልጋሉ። በኤለመንቱ መሐል ተጨማሪ ነጥብ ያለው ኩርባ ኤለመንት ከመረጣችሁ ደግሞ በሥዕሉ ላይ ጥግ ሆነው የማይታዩ ቦታዎች በቬክተሩ ውስጥ ይገባሉ፤ የጥጎቹ ተራ ቁጥርና የቬክተሩ ተራ ቁጥር መግጠማቸው ይቀራል። ከላይብረሪዎቹ መካከል በሃይድልበርግ የተጀመረው ዲል-ቱም ሆነ በ2003 የተጀመረው ፊኒክስ ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ተመሳሳይ ነው፦ አታስሉ፣ ጠይቁ። ላይብረሪው «የዚህ ኤለመንት ሁለተኛ ጥግ፣ የታች አቅጣጫ፣ በጋራው ቬክተር ውስጥ ስንተኛ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ አለው። ከዚያም የተሻለ ቦታውን ጭራሽ አለመንካት ነው፤ «ከወንዙ መሐል እስከ ቤጌምድር ዳር ባለው ሁሉ ይህን ቀመር ሙላ» ብሎ በመሬት አቀማመጥ ማዘዝ ይቻላል። ላይብረሪው የየኖዱን ቦታ እያየ ቀመሩን አስልቶ ራሱ ይሞላል። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ቬክተሩን አትሞ፣ ቁጥሮቹን በዓይኑ ቃኝቶ፣ «ሦስተኛው ቦታ መሐሉ መሆን አለበት» ማለት ነው። በአምስት ኖድ ገመድ ላይ ይሳካለታል። ያ ስኬት ነው በኋላ የሚያስከፍለው።

ሌላው ጣጣ የሚመጣው ሥራው ሲበዛ ነው። አንድ ኮምፒውተር አልበቃ ሲል ገመዱን ለሁለት ፕሮሰሰሮች እናካፍለዋለን፤ ሁለቱ የጎጃም ኤለመንቶች ለአንዱ፣ ሁለቱ የቤጌምድር ኤለመንቶች ለሌላው። ወሰኑ ኖድ 2 ነው፣ የወንዙ መሐል። የማን ይሁን? ላይብረሪው ለአንዱ ይሰጠዋል፤ ለጎጃሙ ሰጠው እንበል። የቤጌምድሩ ፕሮሰሰር የኖድ 2ን ቅጂ ብቻ ይይዛል፤ በሙያው ቋንቋ ይህ ጎስት ይባላል። ሦስተኛው ኤለመንት ለኖድ 2 ያዋጣው 25 በቅጂው ላይ ተጽፎ ማዶ ይቀመጣል። ወደ ባለቤቱ እንዲሻገር አንድ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ያ ትእዛዝ ካልተሰጠ የጋራው ቬክተር 25፣ 50፣ 25፣ 50፣ 25 ይሆናል፤ ድምሩ 175። ኖድ 1 እና ኖድ 3 3.125፣ መሐሉ 3.75 ሜትር ይረግባሉ። ያው ፕሮግራም በአንድ ፕሮሰሰር ሲሄድ ደግሞ ትክክለኛውን 5 ይሰጣል። መልሱ በፕሮሰሰሮች ቁጥር የሚለዋወጥ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ያልተሻገረ ቁጥር ነው።

ማሻገሩ በሁለት አቅጣጫ ነው። ስንሰበስብ ከቅጂው ወደ ባለቤቱ ይሄድና ይደመራል። ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ የባለቤቱ አዲስ ቁጥር ወደ ቅጂው ይሄድና ይተካል፤ አለዚያ የቤጌምድሩ ፕሮሰሰር ያለፈውን ዙር የመሐል ዝቅታ ይዞ የራሱን ውጥረት ያሰላል። አንዱ መንገድ በመደመር፣ ሌላው በመተካት ስለሚሠራ ላይብረሪዎቹ የትኛውን እንደምትፈልጉ አፍ አውጥተው ይጠይቃሉ። በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተሠራው ፔትሲ ቁጥር በሚጻፍበት ትእዛዝ ውስጥ «ተካ» ወይም «ደምር» የሚል ቃል ግድ ይጠይቃል። ዲል-ቱም ማሻገሪያው ትእዛዝ ላይ ይህንኑ ያስነግራል። ፔትሲ ከዚህም አልፎ ሁለቱን መቀላቀል ይከለክላል፤ ደምር ስትሉ ቆይታችሁ ተካ ማለት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እስካሁን የተደመረው ተሻግሮ ይለቅ ይላል።

ክልከላው ለብዙ ሰው ቢሮክራሲ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። 25 እና 25 ከማዶና ከወዲህ ሲመጡ የትኛውም ቢቀድም ድምሩ 50 ነው፤ መደመር ቅደም ተከተል አይጠይቅም። መተካት ይጠይቃል። አንዱ ፕሮሰሰር 0.2 ተካ፣ ሌላው 0.3 ተካ ቢል የሚጸናው ኋላ የደረሰው ነው፤ ማን ኋላ እንደሚደርስ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ያለው የመስመሩ መጨናነቅ ይወስናል። ጠዋት አንድ መልስ፣ ከሰዓት ሌላ መልስ ይሆናል። ላይብረሪው ሁለቱን የሚለያየው እንዲህ ዓይነቱን ዕጣ ለማስቀረት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ነጠላ ቦታን ሳይሆን ቬክተሩን በሙሉ በሌላ ቬክተር ላይ ስለማኖር ነው። እውነተኛ ገመድ ሲጫኑት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ውጥረቱ አስቀድሞ የሚታወቅ 500 አይደለም፤ ገመዱ በወረደበት ልክ ይወሰናል። የወረደበት ልክ ደግሞ በውጥረቱ ይወሰናል። ፕሮግራሙ ይህን እንቆቅልሽ የሚፈታው በዙር ነው፦ ውጥረቱን ይገምታል፣ መውረዱን ያሰላል፣ ከመውረዱ አዲስ ውጥረት ያወጣል፣ እንደገና ያሰላል። የአሁኑ ዙርና ያለፈው ዙር ውጤት ሲቀራረቡ ያቆማል። ለዚህ ሁለት ቬክተር ያስፈልጋል፣ አሮጌውና አዲሱ። በየዙሩ መጀመሪያ «አሮጌው እኩል ይሆናል አዲሱ» የሚል መስመር ይጻፋል።

የፊኒክስ ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ በሚጽፉበት በፓይተን ይህ መስመር ቁጥሮቹን አይገለብጥም። «አሮጌው» የሚለውን ስም አዲሱ ወዳለበት ቦታ ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ ቬክተሩ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት። አዲሱ ሲሰላ አሮጌውም አብሮ ይለወጣል፤ ልዩነታቸው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር «ልዩነት፦ 0» ብሎ አትሞ በደስታ ያቆማል። የሰጣችሁ መልስ የራሳችሁ ግምት ነው። ውጥረቱን 500 ብላችሁ ከገመታችሁ 5 ሜትር፣ 400 ካላችሁ 6.25፣ 250 ካላችሁ 10 ሜትር ይመልሳል፤ ሦስቱንም ጊዜ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ተጠራጣሪ ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ ግምቶችን ሰጥቶ ያስኬደዋል፤ መልሶቹ ካልተገናኙ ዙሩ አልዞረም ማለት ነው።

ዲል-ቱ በሚጻፍበት በሲ ፕላስ ፕላስ ያው መስመር ቁጥሮቹን በእርግጥ ይገለብጣል፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። በፓይተን መደረግ ያለበት ለአሮጌው የራሱን ቦታ አንድ ጊዜ አስይዞ፣ ከዚያ በየዙሩ ቁጥሮቹ ብቻ ወደዚያ ቦታ እንዲገለበጡ ማዘዝ ነው። መገልበጥ ወጪ አለው። የአምስት ኖድ ገመድ ላይ ምንም አይደለም፤ አሥር ሚሊዮን ቦታ ያለው ቬክተር ግን፣ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ፣ በየዙሩ 80 ሚሊዮን ባይት ማንቀሳቀስ ነው። የአሮጌው ቁጥሮች ከዚህ በኋላ የማያስፈልጉና አዲሱ ከሥሩ እንደገና የሚሞላ ከሆነ መገልበጡን ትቶ የሁለቱን ስም ማለዋወጥ ይበቃል፤ አንድም ቁጥር ከቦታው አይነሣም። የሚቀጥለው ዙር ስሌት ካለፈው ውጤት ተነሥቶ የሚሻሻል ከሆነ ግን መለዋወጥ አይሠራም፤ አዲሱ የሚነሣው ከሁለት ዙር በፊት ከነበረ ቁጥር ይሆናል። ያኔ 80 ሚሊዮን ባይቱን መክፈል ነው።